ጌም ፍሪክና የባይት ቁጠባው

ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው ጌም ፍሪክ ነው፤ ፍጡራን እየያዙ የሚያፋልሙበትን ጌም፣ ፖኬሞንን፣ የሠራው የቶኪዮው ስቱዲዮ። የመጀመሪያዎቹን የፖኬሞን ጌሞች ያስተዋለ ሰው ሁሉ ስህተት የታጨቀባቸው መሆኑን ያውቃል። ከዚያ ተነስተው «ሙያ በሌላቸው ልጆች የተሠሩ ናቸው» የሚሉ አሉ፤ ይሄ አይዋጥልኝም። የጌሙን ውስጥ ገልጦ ላየ፣ ጥበቡም ስህተቱም የመጡት ከአንድ ቦታ ነው፦ ቦታ ከማጣት።

ጌም ፍሪክ ሲወለድ ኩባንያ አልነበረም፣ መጽሔት እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1983 የማቺዳው ልጅ ሳቶሺ ታጂሪ ጌም ማሸነፊያ ዘዴዎችን በእጁ እየጻፈ፣ ገጾቹን በስቴፕለር እያያያዘ ይሸጥ ነበር። ኬን ሱጊሞሪ መጽሔቱን ሱቅ ውስጥ አይቶ ወደደውና የሥዕሉን ሥራ ያዘ። የሰው ጌም ሲተቹ ከርመው ራሳቸው ወደ መሥራቱ ገቡ። የመጀመሪያ ሥራቸውን፣ ክዊንቲን፣ ናምኮ በ1989 አሳተመላቸው፤ ስቱዲዮውም በዚያው ዓመት በኩባንያነት ቆመ።

ፖኬሞን በ1990 ተጀምሮ ስድስት ዓመት ፈጀ። መነሻው የኒንቴንዶ የእጅ ጌም ማጫወቻ የሆነው የጌም ቦይ ማገናኛ ገመድ ነው። ያኔ ገመዱ ሁለት ሰው ለማፎካከር ነበር የሚያገለግለው፤ በልጅነቱ ነፍሳት እየለቀመ ያደገው ታጂሪ ግን ፍጡራን በገመዱ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ታየው። ገንዘቡ መሀል ላይ አለቀ፣ ሠራተኞች ለቀቁ፣ ታጂሪ ደመወዝ ትቶ በአባቱ ድጎማ ኖረ። ስቱዲዮው ለኒንቴንዶ ማሪዮና ዮሺን በ1991፣ ለሴጋ ፐልስማንን በ1994 እየሠራ ነበር የቆየው። በመጨረሻ የክሪቸርስ ኩባንያ ገንዘብ ይዞ ገባ፤ የፖኬሞን ባለቤትነት እስከ ዛሬ በሦስቱ፣ በኒንቴንዶ፣ በጌም ፍሪክና በክሪቸርስ መካከል የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጌሞች፣ ቀዩና አረንጓዴው፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ወጡ።

አሁን ወደ ውስጡ። ጌም ቦይ የሥራ ማኅደረ ትውስታው 8 ኪሎባይት ብቻ ነው። ጌሙ የተጫነበት የጃፓኑ ካርትሪጅ 512 ኪሎባይት ይይዛል፤ ፕሮሰሰሩ ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው 32ቱን ነው፣ 16ቱ ቋሚ፣ 16ቱ የሚቀያየር። በዚህ ውስጥ 151 ፍጡር፣ ካርታው፣ ውጊያው፣ ሙዚቃው ሁሉ መግባት አለበት።

ድምፁን ብቻ እንመልከት። ለ151 ፍጡር 151 ድምፅ አልተቀረጸም። ያሉት 38 መነሻ ድምፆች ናቸው። ለእያንዳንዱ ፍጡር የተያዘው ሦስት ባይት ነው፦ የትኛው መነሻ፣ ምን ያህል ይቅጠን ወይም ይወፍር፣ ምን ያህል ይርዘም። የድምፅ ባለሙያቸውን የጁኒቺ ማሱዳን ሙያ የማደንቀው ለዚህ ነው፤ ጌሙን የተጫወተ ሰው ድምፆቹ ከአንድ እናት የተወለዱ መሆናቸው አይታወቀውም።

ሥዕሉም እንደዚያው። የፊቱ ሥዕል ቢበዛ 56 በ56 ነጥብ ነው፤ የጀርባው በትንሹ ተስሎ ስክሪን ላይ ሲወጣ እጥፍ ይደረጋል። ሁሉም ታምቆ ነው የሚቀመጠው። ሲፈታ እያንዳንዳቸው 392 ባይት የሆኑ ሦስት ጊዜያዊ ማስቀመጫ መደቦች ያስፈልጉታል፤ 8 ኪሎባይቱ ውስጥ ለእነሱ ቦታ ስለሌለ መደቦቹ ካርትሪጁ ላይ ባለው፣ የተጫዋቹ ሴቭ (ጨዋታው የደረሰበት መዝገብ) በሚቀመጥበት ቺፕ ላይ ተደረጉ። ሥዕሉ ከልኩ ካለፈ የሚያስቆም ፍተሻ የለም፤ ፍተሻም ቦታ ይበላልና።

ታዋቂው የስህተት ፍጡር፣ ሚሲንግኖ፣ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከጃፓን ውጭ በተሸጡት ቀይና ሰማያዊ ላይ፣ ቪሪዲያን በምትባለው የጌሙ ከተማ ያሉት ሽማግሌ ፖኬሞን አያያዝ ሲያሳዩ ስክሪኑ ላይ የእሳቸው ስም መውጣት ስላለበት የተጫዋቹ ስም ለጊዜው ሌላ ቦታ ይቀመጣል። የተመረጠው ቦታ በሣር ውስጥ የሚገጥሙ ፍጡራን ዝርዝር የሚጫንበት ነው። ሌላ የዱር ሣር ያለበት አካባቢ ከተገባ ዝርዝሩ ስሙን ይደመስሰዋል። በቀጥታ ወደ ሲናባር ደሴት ከተበረረ ግን ስሙ እዚያው ይቆያል። የደሴቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ውኃ ሆኖ ሳለ የሚያነበው የሣሩን ዝርዝር ነው። ስለዚህ የስሙ ፊደላት እንደ ፍጡር መለያና እንደ ደረጃ ይነበባሉ። ለፍጡር ከተያዙት 190 ቦታዎች የተሞሉት 151 ናቸው፤ ከቀሪዎቹ 39 ባዶዎች አንዱ ሲነካ ሚሲንግኖ ብቅ ይላል። ሥዕሉ ትክክለኛ ስላልሆነ ሲፈታ ከመደቡ ፈስሶ የአሸናፊዎችን መዝገብ ያበላሻል። በስድስተኛ ተራ የተያዘው ዕቃ በ128 የሚጨምረውም፣ «ይህን ፍጡር አይቻለሁ» የሚለው ምልክት ከዝርዝሩ አልፎ የዕቃው ብዛት ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ከዚህ የቀለለ ስህተትም አለ። መቶ በመቶ የሚመታ የተባለ ምት ከ256 አንዴ ይስታል፤ የዕጣው ቁጥር ከ255 ማነስ አለበት ተብሎ ስለተጻፈ ቁጥሩ 255 ሲወጣ መሳት ነው። ይሄኛውን በቦታ እጥረት አላመካኝለትም፤ ያለፋቸው ነገር ነው።

ሚው የምትባለው ፍጡር ግን የቁጠባው ፍሬ ናት። ሥራው አልቆ የመፈተሻ መሣሪያዎቹ ከካርትሪጁ ሲወጡ 300 ባይት ገደማ ተረፈ። ፕሮግራመሩ ሺጌኪ ሞሪሞቶ እዚያች ክፍተት ውስጥ ሚውን አስገባት። ፍተሻ ካለቀ በኋላ ኮድ መንካት በማንኛውም ስቱዲዮ ክልክል ነው፣ ተገቢም ነው። ኮሮኮሮ መጽሔት ለ20 ሰው ሚውን እሰጣለሁ ብሎ ባወጀ ጊዜ ግን 78,000 ያህል ማመልከቻ ጎረፈ፤ የጌሙ ሽያጭ የተነቃቃውም በዚያው ሰሞን ነው።

በ1999 ተከታዮቹ ጌሞች፣ ወርቅና ብር፣ ሲወጡ ችግሩ ያው ቦታ ነበር። የሃል ላቦራቶሪው ሳቶሩ ኢዋታ ሥዕሎቹን የሚያምቅ መሣሪያ ሠርቶ ሰጣቸው። «ካንቶ የምትባለው ሁለተኛዋ ምድር ሙሉ በሙሉ በእሱ ምክንያት ገባች» የሚለው ወሬ ተጋኗል። የቀዩን የውጊያ ኮድ ያለ ምንም ማብራሪያ ሰነድ አንብቦ በአንድ ሳምንት ወደ ቴሌቪዥን ጌም ማጫወቻው ኒንቴንዶ 64 ማዞሩ ግን የተመሰከረለት ነው፤ እኔን የሚያስገርመኝም ይሄኛው ነው።

ሴቩን የሚያቆየው የእነዚያ ካርትሪጆች ባትሪ አሁን እየሞተ ነው፤ ሲሞት ሴቩም አብሮ ይሄዳል። ወርቅና ብር ቀድመው ይሞታሉ፤ ውስጣቸው ያለው ሰዓት ጌም ቦዩ ጠፍቶም ከባትሪው ይስባል። የካርትሪጁ መክፈቻ 3.8 ሚሊሜትር ጌምቢት የሚባለው ልዩ መፍቻ ነው። ባትሪው ከመነሳቱ በፊት ሴቩ በካርትሪጅ ማንበቢያ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አለበት። ለወርቅና ብር የሚገባው CR2025 የሚባለው፣ ያውም ቦርዱ ላይ የሚያያዝበት የብረት ጆሮ ተበይዶለት የሚሸጠው ነው። ቀዩና ሰማያዊው ላይ መጠኑ ሊለያይ ስለሚችል ከፍቶ ባትሪው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል። የድሮው ሲወጣ የብየዳውን ሊድ ጆሮው ላይ አቅልጦ ነው እንጂ በጉልበት ከተነቀለ የቦርዱ መዳብ አብሮ ይነሳል። ሊድ በቀጥታ ባትሪው ገላ ላይ መበየድ አይገባም፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል፣ ሊያፈነዳውም ይችላል። በፕላስተር የሚያጣብቁም አሉ፤ ካርትሪጁ አንዴ ከተንቀጠቀጠ ግንኙነቱ ይላቀቅና ሴቩ ይጠፋል።