ከታች ብዙ ነን፣ ከላይ ጥቂት

ናይት ሺፍት ጨርሼ ገባሁ፣ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ማታ የያዝኳቸው በሽተኛ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሲተነፍሱ ትከሻቸው ሁሉ ይነሳል፣ የጀመሩትን ወሬ መጨረስ አቅቷቸዋል፣ ጣታቸው ላይ የተሰካው ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን የሚለካው መሳሪያ) ግን 94 ከመቶ ይላል፣ ስክሪኑን ብቻ ያየ ሰው ደህና ናቸው ብሎ ያልፋል። እኔ ማሽኑን አላመንኩትም፣ ዶክተሩን ወጥሬ ይዤ ከአርተሪ ደም ተወስዶ ሲታይ እውነትም ኦክስጅናቸው በጣም ወርዷል።

ይሄ መሳሪያ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል በፈረንጆች 1990 ጥናት ወጥቶበታል፣ አገር ያነጋገረው ግን በ2020 ኮቪድ መሃል ነው፣ መሳሪያው ሳያሳየው የሚያልፈው የኦክስጅን እጥረት ጥቁሮች ላይ ከነጮቹ ሶስት እጥፍ ይጠጋል የሚል ጥናት ሲመጣ። በመሃል 30 ዓመት! መሳሪያውን ከሚሰሩት፣ ከሚፈትኑትና ከሚያጸድቁት መሃል እናቱ ጣት ላይ ሲሰካ ያየ ጥቁር ሰው ቢበዛ ኖሮ እንዲህ ይቆይ ነበር? አይመስለኝም።

ኮሪደሩን አይተው "ዳይቨርሲቲማ ሞልቷል እኮ" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ እኛ ፍሎር ላይ ፊሊፒኖ አለ፣ ናይጄሪያዊ አለ፣ ሄይቲ አለ፣ ሐበሻ አለ፣ ግን ጽዳቱና ረዳት ነርሱ ጋ ነው የሚበዛው፣ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ሌላም የሚከነክነኝ አለ፣ እኔና መሰሎቼ ፎርሙ ላይ "ጥቁር" ተብለን ስለምንቆጠር ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ እዚሁ አሜሪካ ተወልደው ያደጉት ጥቁሮች፣ አያቶቻቸው በዘር መድልዎ ዘመን በሌላ በር እንዲገቡ ይደረጉ የነበሩት ግን አሁንም ውጪ ናቸው። እኛም ተደምረን ጥቁሩ ከሕዝቡ 13 ከመቶ ገደማ ነው፣ ከሐኪሞቹ ግን ወደ 6 ከመቶ።

ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1910 ፍሌክስነር የሚባል ሰው ስለ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ሪፖርት ጻፈ፣ ከዛ በኋላ ከሰባቱ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘጉ፣ ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ቀሩ። አምስቱ ቢቀጥሉ ኖሮ እስከዛሬ ስንት ሺ ዶክተር ያወጡ ነበር እያልኩ እብሰለሰላለሁ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንዳያዩ ወሰነ፣ ያ ማየት ነበር ጥቁር ተማሪ እንዲገባ የሚያግዘው፣ በጣም ነው የከፋኝ።

አብራኝ የምትሰራ ረዳት ነርስ አለች፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ኤምካት ለሚባለው የመግቢያ ፈተና እያጠናች ነው፣ በእረፍት ሰዓቷ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ ቆማ ታነባለች። ፈተናው እስኪያልፍ የቅዳሜ ሺፍቷን እኔ እሸፍንላታለሁ ብያታለሁ፣ ማኔጀራችንም እሺ ብላለች።