ሳነቴ ላይ

ጣቶቼ እስካሁን ደንዝዘዋል። ቢሆንም ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ጠዋት በማለዳ ከጎባ ወጣን። መንገዱ በአስታው ቁጥቋጦ መሐል እየተጠማዘዘ ይወጣና ዛፍ የሚባል ነገር ድንገት ያበቃል። የሳነቴ አምባ ይኸው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ። ከመኪናው ወርጄ ጥቂት እንደተራመድኩ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። እዚህም እዚያም ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ቆሟል፤ በጉም ውስጥ ከሩቅ ሲያዩት ሰው ይመስላል።

ባሌ ድረስ የመጣሁት ለቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው እዚህ ነው። ስለዚህ ዓይኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቃብዛል። አስጎብኚያችን ሽማግሌ ናቸው። ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ሩቅ ሩቁን ተወው። እግርህ ሥር እይ።»

መሬቱ በሙሉ ጉድጓድ ነው። የግዙፉ ፍልፈል ቤት። ይህ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም አይገኝም። ቁጭ ብለን ዝም አልን። ቆይቶ አንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ አፈር ተንቀሳቀሰ፤ ጭንቅላት ብቅ አለ። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ከወገቡ በታች ጉድጓዱን ሳይለቅ በዙሪያው ያለውን ሣር ይነጫል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። ቀበሮው እዚህ የሚኖረው እሱን ብሎ ነው።

እውነትም መጣ። ብቻውን። በመንጋ ቢኖርም አደን የሚወጣው ለየብቻ ነው። ቀለሙ ከጠበቅሁት በላይ ቀይ፣ እግሩ ቀጭንና ረጅም። ፍልፈሉን ሲያይ ሆዱን መሬት አስነክቶ ጆሮውን አስተኛ። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ድንጋይ። ደግሞ አንድ እርምጃ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም፤ እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ይዤ ነበር። ዘለለ፣ አፈር ተበተነ፣ ሳተው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ትንሽ ቆሞ አሸተተና ወደ ሌላው ሄደ። ፎቶ ማንሳት ትዝ ያለኝ ከሄደ በኋላ ነው። አልቆጨኝም።

ስንመለስ ከብት የሚነዳ ልጅ አገኘን። ውሻው ከኋላው ይሮጣል። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ብሎኝ ባየሁት። ግን የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀበሮዎቹ የሚሻገረው በእነዚህ ውሾች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እዚሁ ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በአንድ ወቅት የሚሞተው ከጠቅላላው ቁጥር አንጻር ሲታሰብ ያስፈራል። ልጁን ደግሞ ምን ልበለው? በዚህ ብርድ ከብቱን ከጅብ የሚጠብቅለት ውሻው ነው።

አስጎብኚው በኦሮምኛ አነጋገሩት። ልጁ ሳቅ አለና በጣቱ የራሱን አንገት ወጋ ወጋ አድርጎ አሳየን። ውሻው ተከትቧል ማለቱ ነው።

ውሻው ከጉብታው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ ቆሜ አየሁት።