አንድ ፊርማ ጎድሎ ያመለጠን ማስታወቂያ

ይሄን ነገር ባስታወስኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። ሐሙስ ጠዋት ከአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ኢሜይል መጣልን፣ ለ30 ሰከንድ ማስታወቂያ የኛን ዘፈን ለሙከራ አስገብተውት ደንበኛቸው ወዶታል፣ እስከ ነገ ማታ ፈቃዱን ጨርሱልን አሉ። የፈለጉት ሁለት ፈቃድ ነው፣ አንዱ የግጥምና ዜማው ሌላው የማስተሩ ማለትም የተቀዳው ድምፅ፣ ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ዘፈኑ አይገባም። ድምፅ የሌለበት ኢንስትሩመንታልም ላኩ አሉን ምክንያቱም ተራኪው ሲያወራ ግጥሙ ይጋጭበታል።

ማስተሩ የኛ ነው፣ ስቱዲዮውን ከፍለን የቀዳነው እኛ ነን። ዜማው ላይ ግን ብሪጇን፣ ማለትም መሃል ላይ ዜማው የሚቀየርባትን ክፍል፣ ያወጣት ጊታሪስታችን ነበር፣ ያን ሌሊት ሁላችንም ደስ ብሎን ተቃቅፈን ወጣን እንጂ ማን ስንት ፐርሰንት አለው ብሎ ያነሳ የለም። ደወልኩለት፣ ስልኩ ዝግ ነው፣ መንገድ ላይ ነበር። ማታ ሲገኝ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፣ «የኔ ድርሻ ስንት ነው?» አለኝ። ልክ ነበረ፣ መጠየቅ መብቱ ነው፣ ግን እኔና ዘፋኟ የነገርነው ቁጥር እራሱ የተለያየ ነበር።

ኢንስትሩመንታሉም ሌላ ጣጣ ሆነ። የቀረጻውን ፕሮጀክት ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ድምፁን የሰራንበት ተጨማሪ ሶፍትዌር፣ ፕለጊን የሚሉት፣ ግማሹ የለም፣ ተቀላቅሎ ካለቀው ሚክስ ላይ የዘፋኟን ድምፅ በሶፍትዌር ለማውጣት ሞከርኩ፣ 14ኛው ሰከንድ ላይ የዘፋኟ ትንፋሽ ከሪቨርቡ (ከማስተጋቢያው) ጋር ቀርቶ ጥርት ብሎ ይሰማል። አርብ አስር ሰዓት ላይ «እናመሰግናለን፣ በሌላ ሙዚቃ ቀይረነዋል» የሚል አጭር መልስ መጣ፣ ሊፈረድባቸው አይችልም የሚያስተላልፉበት ቀን ደርሶባቸዋል።

ከዛ በኋላ ከስቱዲዮ ሳንወጣ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ስም፣ ድርሻ፣ ፊርማ እንጽፋለን፣ ድምሩ 100 ካልሞላ ወይም ካለፈ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከሰው ዘፈን የተቆረጠ ሳምፕል ካለበትም እዛው እንጽፈዋለን፣ ምክንያቱም ያኔ የዛ ዘፈን ባለቤቶችም መፍቀድ አለባቸው። ሚክሱ ባለቀ ቀን ሙሉውን፣ ኢንስትሩመንታሉንና ስቴሞቹን (እንደ ከበሮና ቤዝ ያሉትን ለየብቻ) 24 ቢት 48 ኪሎኸርዝ ዌቭ የድምፅ ፋይል አድርጌ አወጣለሁ፣ ቪዲዮ ላይ የሚሰሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት እሱን ነው።

በቅርቡ አንድ የቲቪ ድራማ ሌላ ዘፈናችንን ሲጠይቅ ወረቀቱም ፋይሉም አብሮ ስለነበር መልሱን ወዲያው ላክን። ብዙ ሰው ክፍያው መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው ብቻ ይመስለዋል፣ ቲቪ ላይ ግን በተላለፈ ቁጥር የሚመጣ ሮያሊቲም አለ፣ እሱ የሚከፋፈለው ደግሞ ኪው ሺት በሚባለው ዝርዝር ነው፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ የደራሲዎቹ ስምና ድርሻ፣ ስንት ሰከንድ እንደተጫወተ ይጻፍበታል። ሳየው የጊታሪስታችን ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። እንደዛ ቢመዘገብ ብሩ ሳያገኘው ሊቀር ይችል ነበር፣ እዛው ደውዬ አስተካከሉት።