የሚሰጥ ቦታ

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እኔ ቦታ የለኝም። ፉሪ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሰው ግቢ ሰርቪስ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እስካሁን የሚደውሉልኝ ሰዎች ስላሉ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአሻንጉሊት ባቡር ነው። አሻንጉሊት ስል አጎቴ ይቆጣል፤ ከጀርመን ሲመጣ ያመጣልኝ እሱ ነው፣ "ሞዴል በል" ይለኛል። ልኩ 1 ለ 87 ነው። የጅቡቲው ባቡር የሚሄድበት ሀዲድ በሁለቱ ብረቶች መሀል 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ይመጣል፣ የኔም ሀዲድ ልክ እሱን ነው። የድሮው የለገሃር ሀዲድ ግን 1 ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሀዲድ ይሄድ የነበረውን ባቡር፣ ሊቶሪናን፣ ልሥራ ብል ሌላ ጠባብ ሀዲድ ልገዛ ነው። ተውኩት፣ የቤት ኪራይ አለብኝ።

ሀዲዱን ችፑድ ላይ መታሁት። ከጎኑ ደግሞ የፉሪን ተራራ ልሥራ ብዬ ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፎም በቢላ ጠርቤ፣ ጠርቤ፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አማረ! የቀረው አረንጓዴ መቀባት ብቻ ነበር። የመኪና እስፕሬይ ገዛሁና ነፋሁበት። ለካ እስፕሬይ ውስጥ ያለው ቲነር ፎም ይበላል። ተራራው ዓይኔ እያየ ጭሱ ሳይኖር እንደ ቅቤ ቀለጠ። መጀመሪያ ጫፉ ሰመጠ፣ ከዚያ ጎኑ ተቦረቦረ፣ ከዚያ ሜዳ ሆነ። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ብጠቀም ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር፤ ይህንን የነገረኝ እስፕሬዩን የሸጠልኝ ልጅ ነው፣ በማግስቱ።

እንግዲህ በኛ በከተማ ዳር ባዶ ሜዳ ላይ ምን ይበቅላል? ቢልቦርድ።

12 በ4 ሜትር የሆነ ትልቅ ቢልቦርድ በዚህ ልክ ወደ 14 በ4.6 ሳንቲም ሜትር ይወርዳል። ሰሌዳውን ከጫማ ካርቶን ቆረጥኩ። ቋሚዎቹ ስቴኪኒ ናቸው፤ ግራጫ ቀብቼ ከሥር በኩል ትንሽ ቡናማ ሳስነካቸው ዝገት የያዘው ብረት መሰሉ። ከጀርባውም አግዳሚ ድጋፍ አደረግኩለት፣ ማንም እንደማያየው እያወቅኩ። ከዚያ የሰሌዳውን ፊት ነጭ ቀብቼ በጣም ቀጭን ብሩሽ ይዤ ተቀመጥኩ። የምጽፈው ሰፈሬ ውስጥ በየአጥሩ የማየውን ነው። "የሚሸጥ ቦታ 200 ካሬ"። ከሥሩ ስልክ ቁጥር። የማላውቀውን ቁጥር ብጽፍ የማን እንደሚሆን አይታወቅም፣ ሰው አስቸግራለሁ ብዬ የራሴን ጻፍኩ። ጨዋነት መሆኑ ነው እንግዲህ።

የኛ ፊደል በትንሹ ሲጻፍ ምን ያህል እንደሚያሰቃይ የሞከረው ያውቀዋል። የአንዱ ፊደል ቁመት 7 ሚሊ ሜትር ነው። ትንፋሼን ይዤ "የሚ" አልኩ። "ሸ" ላይ ስደርስ ግን ከላይ ያለችው መስመር አስፈራችኝ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ብነካው ሁሉም ነገር ሊጨማለቅ ነው። ሲደርቅ እጨምራታለሁ ብዬ አለፍኳት።

ሲመሽ በመስኮቱ የምትገባዋ ጀንበር እላዩ ላይ አረፈችበት። ስልኬን ችፑዱ ላይ አጋድሜ ከታች ወደ ላይ አነሳሁት። ሰማዩ ከኋላ ብርቱካን ሆኖ፣ ቢልቦርዱ ገዝፎ፣ አንድ ሠላሳ ሜትር የሚረዝም ይመስላል። "የሰፈራችን አዲስ ቢልቦርድ" ብዬ የጓደኞቼ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። አንዱ ሌላ ቦታ ላከው። ያኛውም ሌላ ቦታ። ጠዋት ስነሳ 23 ሚስድ ኮል።

መጀመሪያ ያነሳሁት የአንዲት ሴት ነበር። "ወንድሜ፣ የሚሰጠው ቦታ ምዝገባው አላለቀም አይደል?"

"የምን መስጠት?"

"ተጽፏል እኮ።"

ፎቶውን ከፍቼ አየሁት። መስመሯን ረስቻታለሁ። "የሚሰጥ ቦታ 200 ካሬ" ይላል፣ ቁልጭ ብሎ፣ ከነስልኬ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን አትጠይቁኝ። ለማኅበር ነው ወይስ ለግለሰብ የሚል አለ። በባለቤቴ ስም መመዝገብ ይቻላል ወይ የሚል አለ። አንዱ ደላላ ነኝ ያለ ደግሞ ሰላም እንኳን ሳይል "ካርታ አለው?" አለኝ።

"ካርታ የለውም፣ ካርቶን ነው" አልኩት፣ እውነቱን።

ትንሽ ዝም አለና "ካርቶን የሚሰጠው የትኛው ክፍለ ከተማ ነው?" አላለኝም!

ጥፋቴ የቀጠለው እዚህ ላይ ነው። ማታ አንድ ጎርናና ድምፅ ደወለ። ድምፁን ቀይሮ የሚያሾፍብኝ ጓደኛዬ መሰለኝ። ከዚህ በፊትም አድርጎታል። "አዎ፣ በነፃ ነው የምሰጠው፣ ነገ ጠዋት ናና ውሰድ" ብዬ አቅጣጫውን አንድ በአንድ፣ እስከ ሰማያዊው በር ድረስ፣ ነገርኩት።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የከፈቱት አከራዬ እማማ ናቸው። ቆመዋል፤ ሦስት ሰዎች፣ አንደኛው ሽማግሌ፣ አንደኛው በእጁ ሜትር የያዘ። "እንደምን አደሩ እናታችን፣ ቦታ የሚሰጡት እዚህ ነው?"

እኔ በሰርቪሱ መስኮት እያየሁ ነው። የእማማን ፊት እያየሁ ነው። ነጠላቸውን አጣፉ። ይህን ቦታ ለማቆየት ስንት ዓመት ከስንት ሰው ጋር እንደተካሰሱ ቡና በተፈላ ቁጥር ይነግሩናል። "የማንን ቦታ ነው የሚሰጠው?"

"እዚህ ግቢ ያለ አንድ ልጅ..."

"አንተ!" አሉ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ። እኔን መሆኑን እንዴት እንዳወቁ አልገባኝም።

ምን ላድርግ፣ ችፑዱን ተሸክሜ ወጣሁ። ግቢው መሀል በርጩማ ላይ አስቀመጥኩትና አስረዳሁ። ባቡሩን፣ የቀለጠውን ተራራ፣ መስመሯን። ሁለቱ ሰዎች እየተያዩ ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ጎንበስ ብለው በደንብ አዩትና "እና 200 ካሬው የቱ ጋ ነው?" አሉ።

በዚህ ልክ 200 ካሬ ማለት 16 በ16 ሳንቲም ተኩል ነው፣ የደብተር ገጽ እንኳ አይሞላም። ጠቆምኩላቸው። ሜትሩን ተቀብለው ለኩት! "ልክ ነው" ብለው ሜትሩን ለልጁ መለሱለት። መንገድ ላይ ያወጡትን የታክሲ ሂሳብ ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉ፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ።

ከሄዱ በኋላ እማማ መነጽራቸውን አምጥተው ቢልቦርዱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"እጅህስ ጥሩ ነው" አሉ በመጨረሻ። "በል ለበሩ አንድ ጻፍልኝ። ሰው መግባት አበዛ።"

"ምን ብዬ ልጻፍ እማማ?"

"ኃይለኛ ውሻ አለ።"

"ውሻ የለንም እኮ እማማ።"

"ቦታስ የት አለህና ነው ስትሰጥ ያደርከው?"

ቆርቆሮ ፈልጌ ነጭ ቀባሁት። ሲደርቅ ብሩሹን አነሳሁና ከምንም በፊት የ"ሻ"ን የላይኛዋን መስመር አሰመርኩ።