ታፓስ በግራናዳ፦ «ሲን ካርኔ» አሳማን አያስቀርም

ታፓስ (ነጠላው ታፓ) ስፔን ውስጥ ከመጠጥ ጋር የሚቀርብ ትንሽ ሳህን ምግብ ነው፤ ግራናዳ ደግሞ የደቡብ ስፔን ከተማ ናት። ቀላሉን በቶሎ ልጨርስ። ማታ የመጠጥ ቤቱ ወጥ ቤት የሚከፈተው በእነሱ ሰዓት 20፡30 ገደማ ስለሆነ ቀድማችሁ አትሂዱ። ባንኮኒው ጋ ቁሙ፤ ውጭ ያለው ወንበር ብዙ ቦታ ዋጋ ይጨምራል። «ካኛ» በሉ፤ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ትንሽ ድራፍት ነው። አንድ ሁለት ዙር ጠጥታችሁ ወደ ሌላ ቤት እለፉ። ሂሳብ ልትወጡ ስትሉ ነው።

የከበደኝ ሳህኑ ነው። ግራናዳ ውስጥ ከመጠጥ ጋር ታፓ በነጻ ይመጣል፣ ያንንም ሁሉም መመሪያ ያወድሰዋል። በብዙ ቤት ግን የሚመጣውን የሚመርጠው ወጥ ቤቱ መሆኑን፣ አሳማ ለማይበላ ሰው ደግሞ ያ ምን ማለት እንደሆነ የሚያነሳ የለም። እኔም ሞኝ ሆኜ «ሲን ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ማለት የሚበቃ መስሎኝ ነበር። አይበቃም። ብዙ አስተናጋጅ «ካርኔ» ሲባል የሚታየው ጥብስ ሥጋ ነው፤ ደርቆ በስሱ የተቆረጠው የአሳማ ታፋ፣ ኻሞኑ፣ ለእሱ ማጣፈጫ ነው። ሳልሞሬኾ የሚባለው የቲማቲም፣ የዳቦና የዘይት ቀዝቃዛ ሾርባ ከታች ንጹሕ ነው፤ ከላዩ የተከተፈ ኻሞንና የተቀቀለ እንቁላል ይነሰነስበታል። በዘይት የሚጠበሰው ክሮኬታ ውስጡ ወተትና ዱቄት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ኻሞን አለው። «ቤኼታል» የሚሉት ሳንድዊች ስሙ የአትክልት ነው፤ ቱናና እንቁላል ግን አይጠፋበትም።

የእኛን ሰው ይበልጥ የሚያታልለው ምስር ነው። ምስር ሲባል የጾም ወጥ ይታየናል፤ የእነሱ ምስር ግን ብዙውን ጊዜ ቾሪሶ ከሚሉት የአሳማ ቋሊማ ጋር አብሮ ይቀቀላል። ቋሊማውን አውጥቶ መብላት ምንም አይፈይድም፤ ቀይ ስቡ መረቁ ውስጥ ገብቷል።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። አስተናጋጁ ድራፍቱን ከመቅዳቱ በፊት «ሲን ሴርዶ፣ ሲን ኻሞን» (ያለ አሳማ፣ ያለ ኻሞን) እላለሁ። ሁለቱንም፣ በዚያው ቅደም ተከተል። የታፓው ትእዛዝ ወደ ወጥ ቤት የሚጮኸው ከመጠጡ ጋር ስለሆነ፣ ብርጭቆው እጃችሁ ከገባ በኋላ መናገር ዘግይቶ መናገር ነው። በየዙሩም ድገሙት፣ ሁለተኛው ሳህን ከመጀመሪያው ሊለይ ይችላልና። ጾም የያዘ ሰው «ሶይ ቤጋኖ» (ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አልበላም) ቢል (ሴት ከሆነች «ቤጋና») ወተቱም እንቁላሉም ይቀርለታል። የሚያጠራጥር ሳህን ሲመጣ «ዬባ ኻሞን?» ማለት ኻሞን አለበት ወይ ነው።

እንዲያውም አሳማ ለማይበላ ሰው ነጻው ግራናዳ ሳይሆን ሌላዋ የደቡብ ስፔን ከተማ፣ የሚከፈልበት ሴቪያ፣ ይሻለዋል ባይ ነኝ። እዚያ ከሰሌዳው ላይ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፤ መጠኑም ሦስት ነው፦ ታፓ፣ ሜዲያ ራሲዮን (ግማሽ ሳህን)፣ ራሲዮን (ሙሉ ሳህን)። ለሁለት ሰው ሙሉ ራሲዮን ካዘዛችሁ ሌላ ነገር መቅመስ አትችሉም። «ኤስፒናካስ ኮን ጋርባንሶስ» በሉ፤ ቆስጣ የመሰለ ቅጠል ከሽምብራ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከከሙን ጋር የተሠራ ነው፣ የተጠበሰ ዳቦ ተደቁሶ ያወፍረዋል። የፓድሮን ቃሪያም አለ፤ በወይራ ዘይት ተጠብሶ ደረቅ ጨው ይነሰነስበታል። ከብዙው አንዱ ያቃጥላል፣ የትኛው እንደሆነ በዓይን አይታወቅም።