የቡሬው ጣሳና የእንግሊዙ ሰዓት

የአጎቴ ልጅ ከቡሬ ደውሎ «ወንድሜ፣ ሀብታም ልንሆን ነው» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ይሄ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ አቮካዶ ነበር። ቀጥሎ ንብ። አሁን ደግሞ ሰዓት።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይዞት መጣ። ቀለሙ የተላላጠ ጠፍጣፋ የሲጋራ ጣሳ፣ ውስጡ በነጠላ ቅዳጅ የተጠቀለለ ባለ ጥቁር ፊት የእጅ ሰዓት። እንደ እሱ አባባል፣ በጣሊያን ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ አብራሪ በፓራሹት ወርዶ አያታችን ደብቀው አትርፈውታል። እሱም ሲሰናበታቸው የነፍስ ማዳኛ ጣሳውን ከነሰዓቱ ሰጣቸው። ውጭ አገር ያለ ገዢ በቴሌግራም አግኝቷል። «ታሪኩን አንተ ጻፍልኝ፣ ለጽሑፍ አንተ ትሻላለህ» አለኝ።

እኔ አሮጌ ሰዓት ነፍሴ ነው። ባለቤቴ «ሰባት ሰዓት አለው፣ አንድ ቀን በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም» እያለች ታማኛለች። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ለማመን ቸኩዬ ነበር።

ደግሞ ጣሳው ራሱ ያሳምናል። ኤምአይ 9 የሚባለው የእንግሊዞች የምሥጢር ክፍል፣ በጠላት አገር ለሚወድቁ አብራሪዎች መጀመሪያ ያዘጋጀው በዚሁ ዓይነት ሃምሳ ሲጋራ በሚይዝ ጣሳ ነው። ቸኮሌት፣ የወተት ከረሜላ፣ የውኃ ማከሚያ ክኒን፣ ትንሽ ኮምፓስ ይጨምሩበት ነበር። ሰዓት ግን የለበትም። ለምን ይኖረዋል? አብራሪው እጁ ላይ አስሮታል። የወርቅ ቀለበትና ሳንቲም፣ አንዳንዴም ሰዓት፣ ከአገሬው ሰው ጋር ዕቃ ለመለዋወጥ ይሆናል ተብሎ በነፍስ ማዳኛ ጥቅል (ኪት) ሲታሸግ የምንሰማው በአሜሪካኖቹ ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ በኢንተርኔት የሚሸጠው ሁሉ ከኪት የወጣ እንዳይመስላችሁ።

ሰዓቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ የዶሮ እግር የመሰለች ቀስት አለች፤ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ናት። ከእሷ ጋር ሦስት ደብሊው ተቀርጿል። እዚህ ላይ ቀዘቀዝኩ። ሦስቱ ደብሊው «የእጅ ሰዓት፣ ውኃ የማያስገባ» ለማለት ነው። የእንግሊዝ ጦር ለ12 ፋብሪካዎች ያዘዘው ሰዓት ነው፤ ኦሜጋና ሎንጂንም አሉበት። ለጦሩ የደረሰው በፈረንጅ 1945 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የገቡት ደግሞ ጥር 12 ቀን 1933፣ በፈረንጅ 1941 ነው። ጣሊያን ከቡሬ የወጣውም በዚያው ዓመት። አብራሪው ገና አራት ዓመት የሚቀረውን ሰዓት ከየት አመጣው?

የአጎቴ ልጅ «ቀድሞ የደረሰው ይኖራላ» አለ። ወደ ሰዓት ሠሪው ወሰድኩት።

ጋሼ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያቺን ማጉያ ዓይናቸው ላይ ሰክተው የኖሩ ሰው ናቸው። ማሽኑን አይተው «ጥሩ ነው፣ የድሮ ነው» አሉ። ቀጥሎ በስልካቸው መብራት ፊቱን አበሩበትና ሰዓቱን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ራሳቸውንም አብረው ከተቱ። ከውስጥ «ና እይ» አሉኝ። ገባሁ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ጋቢ ውስጥ። ቁጥሮቹ ቦግ ብለው አረንጓዴ ያበራሉ።

ችግሩ ያ ነው። በዚያ ዘመን ቁጥሮቹ የሚቀቡት በሬዲየም ነበር። ሬዲየሙ ጨረሩ በግማሽ ለመቀነስ 1600 ዓመት ይፈጅበታል። አብሮት የሚቀላቀለው የሚያበራው ዱቄት ግን በጨረሩ ተቃጥሎ በጥቂት አሥርት ዓመታት ይሞታል። ያልተነካ ፊት ቢሆን እንዲህ ባላበራ ነበር። ጋሼ ከጋቢው ወጥተው «ይቺ አሮጊት ተኩላለች» አሉ። (አሮጌ ሰዓት ያላችሁ፣ ያን ቀለም በጥፍራችሁ እንዳትፍቁ። ቢጠቁርም ጨረሩ አለ።)

እንግዲህ ማሽኑና ጀርባው የድሮ፣ ፊቱ በቅርብ የተቀባ፣ ወሬው ደግሞ ከሁሉም አዲስ። ማታ አጎቴ ዘንድ ደወልኩ።

«የምን አብራሪ?» አሉ። «ሰዓቱን እኔ ነኝ ማርቆስ ገበያ የገዛሁት፣ ወይፈን የሸጥኩ ጊዜ። ፊቱ ቢጠፋብኝ አስቀባሁት።»

«ጣሳውስ?»

«ጣሳውማ የእናትህ የአዝራር ማስቀመጫ ነበር። ልጆቹ እንዳይጫወቱበት ብዬ ሰዓቱን እዚያ ከተትኩት።» ትንሽ ዝም አሉና «ለመሆኑ ሠራው ሰውዬው? ይሄዳል?» አሉኝ።

«ይሄዳል፤ ግን በቀን አምስት ደቂቃ ይቀድማል።»

«እሱስ ደግ ነው፤ ለቅዳሴ ያደርሰኛል። በል ለዚያ ልጅ እንዳትሰጠው፣ ራስህ ይዘኸው ና።»