ፊትና ኋላ ሆነን፤ ገና በማዴይራ

በእኛ ዕድሜ ተራራማ ደሴት ላይ የእግር ጉዞ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ጉልበት ነው። ማዴይራ ደግሞ አትላንቲክ ላይ ያለች፣ ከባሕሩ ቀጥ ብላ 1,862 ሜትር ድረስ የምትወጣ የፖርቱጋል ደሴት ናት። የባለቤቴ ጉልበት ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ቁልቁለት ላይ ያስቸግረዋል። ታዲያ ምን ልታደርጉ ሄዳችሁ ላለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ሌቫዳ።

ሌቫዳ የመስኖ ቦይ ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው ነፋስ ደመናውን ይዞ ከሰሜኑ ተራራ ጋር ይላተማል፤ ዝናቡ እዚያው ይወርዳል። ደቡቡ ፀሐያማና ደረቅ ነው፤ ሙዙም ሸንኮራ አገዳውም በደንብ የሚሆነው ግን እሱ ጋ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምረው ገደሉን እየጠረቡ፣ ዐለቱን እየበሱ ውሃውን ወደ ደቡብ አመጡት። ዛሬ ቦዮቹ ቢደመሩ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ያልፋሉ። ውሃው ቀስ እያለ እንዲወርድ ስለተቀየሰ፣ ቦዩን ለመጠገን አብሮ የተሠራው የእግር መንገድም ለጥ ያለ ነው። በአንድ ጎን ውሃ፣ በሌላው ገደል፣ ከእግር ሥር ደልዳላ መሬት። እንደኛ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት ሳንታና ከተማ አቅራቢያ፣ ኬይማዳስ ከሚባል ቦታ ተነስቶ ወደ ካልዴይራው ቬርዴ የሚሄደውን ነው። በአንድ አቅጣጫ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። መጨረሻው ላይ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ፏፏቴ አረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ይወድቃል። ፏፏቴው ያምራል፤ እኔን የያዘኝ ግን መንገዱ ነው።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ለሁለት ሰው ጎን ለጎን አይበቃም። እኔና ባለቤቴ ስንሄድ ጎን ለጎን ሆነን እያወራን ነው የለመድነው። እዚህ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን። ወደ ኋላ ዞሮ ያወራኛል፤ የውሃው ድምፅ ግማሹን ይበላዋል። መጀመሪያ ላይ ቅር አለኝ። በኋላ ግን የእሱን እርምጃ ከኋላ ማየት ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆነልኝ። የታከመውን እግር መቼ እንደሚፈራው፣ መቼ እንደሚረሳው ከትከሻው አነባለሁ። ሲረሳው ልቤ ደስ ይላታል።

መንገዱ የሚያልፍባቸው ዋሻዎች ውስጥ ባትሪ የግድ ያስፈልጋል። ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ውሃ ማጅራት ላይ ጠብ ይላል። እሱ መብራቱን ይዞ «ጎንበስ በይ!» ይለኛል፤ እኔ በአንድ እጄ የሻንጣውን ማንጠልጠያ ይዤ፣ በሌላው እርጥቡን ድንጋይ እየዳበስኩ እከተለዋለሁ። ስንወጣ ጫካው ፊት ለፊት ይጠብቀናል። ላውሪሲልቫ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ዛፎቹ ጉሙን በቅጠላቸው ይይዙና መልሰው መሬት ላይ ያንጠባጥቡታል። ሰማዩ ባይዘንብም ጫካው ይዘንባል። ዳቦ ስንቆርስ አንዲት ሰማያዊ ግራጫ ጀርባ ያላት ትንሽ ወፍ መጥታ የባለቤቴ ጫማ ጫፍ ላይ አረፈች። ፍርፋሪዋን ለቅማ እስክትበር ድረስ እግሩን አላነቃነቀም።

መንገድ ላይ ቅጠል የሚጠርግ ሰው አገኘን። ሌቫዴይሮ ይባላል፤ እኛ አገር የውሃ አባት እንደሚባለው ማለት ነው። ቦዩን ያጸዳል፤ ለገበሬዎቹ ውሃውን በተራና በሰዓት የሚያዳርሰውም እሱ ነው። እንድናልፍ ጠጋ አለልን። ይህ ሁሉ የእግር ተጓዥ የሚደሰትበት መንገድ ለእርሻ ተብሎ የተሠራ፣ ዛሬም በእነዚህ ሰዎች ድካም የቆመ ነው። ይህን ሳያስቡ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከፍታ የሚያዞረው ሰው መንገዱን መርጦ ይሂድ። የሽቦ አጥሩ አንዳንድ ቦታ አለ፣ አንዳንድ ቦታ የለም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ድንጋይ ስለሚናድ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቆ መነሳት ነው።

በዓሉን ደግሞ ልንገራችሁ። ባሕሩ ዳር ቀን ቀን ሹራብ አያስፈልግም። በእነሱ አቆጣጠር ከዲሴምበር 16 እስከ 24፣ ዘጠኝ ቀን በተከታታይ ጎሕ ሳይቀድ ቅዳሴ አለ፤ እመቤታችን የፀነሰችባቸውን ዘጠኝ ወራት ለማሰብ ነው። አንዱን ቀን ሄድን። ከቅዳሴው በኋላ ደጁ ላይ አኮርዲዮን ተነፋ፣ ጣፋጩ ዞረ። እኛ ጾም ላይ ነን፤ የእኛ ገና ሊደርስ ከእነሱ በኋላ 13 ቀን ይቀረዋል። በእጃችን ጾመኞች መሆናችንን ስናስረዳ አንዲት እናት መንደሪን በሁለት እጃቸው አፍሰው ሰጡን።

ያረፍንበት ቤት ሳሎን ውስጥ ላፒኛ የሚሉት የልደት ማስታወሻ ተሠርቶ ነበር። እንደ ደረጃ የተደረደረ፣ አናቱ ላይ ሕፃኑ ኢየሱስ የቆመበት፣ በየደረጃው ፍራፍሬ የሞላ። በትንንሽ ሳህን ደግሞ ጣት የሚያህል የስንዴ ቡቃያ ተቀምጧል። ባለቤቴ የገበሬ ልጅ ነው፤ በጣቱ ነካ አድርጎ «ይሄማ ብቅል ነው» አለ። የቤቱ እመቤት ቃሉ ባይገባቸውም ፈገግ ብለው ሳህኑን አነሱና እጁ ላይ አስቀመጡለት። ዋና ከተማዋ ፉንሻል በመብራት ያሸበረቀችውን ሳስታውስ ያ ሳህን ይቀድምብኛል።

አሁን እሱ የደሴቲቱን ከፍተኛ ጫፍ፣ ፒኩ ሩይቩን ሳልወጣማ አልቀርም እያለ ነው። ከሌላው ተራራ፣ ከፒኩ ዱ አሪዬይሩ የሚመጣው መንገድ ደረጃው ብዙ ነው፤ ለዚያ ጉልበት አልፈቅድም ብዬዋለሁ። በአሻዳ ዱ ቴይሼይራ በኩል ግን 2.8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የተነጠፈ መንገድም ነው። በዚያ በኩል ከሆነ እኔም አለሁበት።